የቤት ኪራይ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው

ትምህርት ሲከፈት በክፍል መዝገብ ላይ የሚሰፍሩት ስሞችና ዓመቱ ሲገባደድ የሚቀሩት ስሞች አንድ አይሆኑም። አንዳንዱ ተማሪ ወደ አገር ቤት ይመለሳል፤ አንዳንዱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሌላ አገር ይሻገራል። ይህ የስደት ኑሮ ጠባይ ስለሆነ አያስገርምም። ከእነዚህ ሌላ ግን ካርቱምን ሳይለቅ፣ ሳይታመምና በትምህርቱም ሳይሰንፍ ከክፍል የሚጠፋ ልጅ አለ። የት እንደ ደረሰ ጓደኞቹን ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ቤት ለቀቁ»።

በዚህ ትምህርት ቤት የምናስተምረውም፣ ልጆቻችንን የላክነውም ይህን መልስ ደጋግመን ሰምተነዋል። ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ መጻሕፍት እጥረትና ስለ ደንብ ልብስ በየስብሰባው እንነጋገራለን። ስለ ቤት ኪራይ ግን የምናወራው ቡና ላይ ነው። ጉዳዩ የእያንዳንዱ ቤተሰብ የግል ችግር ተደርጎ ስለሚቆጠር ወደ ስብሰባ አይመጣም። እኛ እንደዚያ አናምንም። የቤት ኪራይ በካርቱም የትኛው ልጅ እንደሚማርና የትኛው እንደሚያቋርጥ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው፤ እንደ ትምህርት ቤት ጉዳይም ልንይዘው ይገባል።

ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ከተማዋ እንዴት እንደዚህ እንደ ሆነች፣ ቀጥሎ እኛ በውስጧ የት እንዳለን፣ በመጨረሻም ምን ማድረግ እንደምንችል እናነሣለን። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጣባት ከተማ

ካርቱም እንደ ጎንደር ወይም እንደ ሐረር የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ ያላት ከተማ አይደለችም። ከአገራችን የሚወርደው ጥቁር ዓባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የተቆረቆረችው በ1820ዎቹ ነው። የግብፁ ገዢ የመሐመድ አሊ ጦር ሱዳንን ከያዘ በኋላ የጦር ሰፈር ሆና ተጀመረች። በ1885 የማህዲ ተከታዮች ሲይዟት የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ኦምዱርማን ዞረ። በ1898 እንግሊዞችና ግብፆች አገሩን መልሰው ሲይዙ ደግሞ እንደገና ተሠራች።

እንግሊዞች ከተማዋን ሲቀይሱ የመኖሪያ ቦታን በደረጃ ከፋፈሉት። አንደኛው ደረጃ ሰፊ ቦታ፣ የጠነከረ ግንባታና ረጅም የሊዝ ዘመን ነበረው። ሦስተኛው ጠባብ ቦታ፣ የጭቃ ግድግዳ የተፈቀደበትና ሊዙም አጭር ነበር። ከእነዚህ ሁሉ በታች የቀን ሠራተኛው የሚኖርባቸው «ዴም» የተባሉ ሰፈሮች ነበሩ። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሮጌዎቹ ዴሞች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ደቡብ ተዛወሩ፤ አዲሶቹ ዴሞችም ተመሠረቱ። እንጀራና በርበሬ ፍለጋ ስንሄድበት የነበረው፣ በየመንገዱ አማርኛና ትግርኛ ስንሰማበት የነበረው ዴም ይህ ነው። እንግዲህ ዴም ገና ከጥንስሱ ከሌላ ቦታ የተነሡ ሰዎች ሰፈር ነው።

የሕዝቡን ቁጥር ስናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሱዳን ነፃነቷን ባገኘችበት በ1956 አካባቢ በተደረገው ቆጠራ፣ ካርቱም፣ ባህሪና ኦምዱርማን አንድ ላይ የሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራቸው። በ1983 ቁጥሩ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በ1993 ወደ 3 ሚሊዮን ተጠጋ። በ2008 ቆጠራ የካርቱም ክፍለ ሀገር ሕዝብ 5,274,321 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ባይደረግም ከተማዋ መስፋቷን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ከየት መጣ? በ1983 በደቡብ ሱዳን ጦርነቱ እንደገና ሲነሣ ብዙ ሺህ ሰው ወደ ሰሜን ተሰደደ። በ1984 እና በ1985 በዳርፉርና በኮርዶፋን ድርቅ ገባ፤ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደርም ወደ ዋና ከተማው መጣ። ያው ድርቅ በእኛም አገር ወሎንና ትግራይን የመታው ነው። እነዚህ ሰዎች ቤት የሠሩት ከከተማው ዳርቻ በሸራ፣ በካርቶንና በጭቃ ነበር። ማዮ፣ ጀበሮና፣ ሶባ አራዲ፣ የሃጅ ዩሱፍ ብዙው ክፍልም እንዲህ ነው ያደጉት። በ1988 ነሐሴ የጣለው ከባድ ዝናብ የጭቃ ቤቶችን በአንድ ሌሊት ሲንድ ከሁሉ በላይ የተጎዱት እነዚሁ ሰፈሮች ነበሩ። በኋላም ከ2003 ጀምሮ የዳርፉር ጦርነት፣ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ የደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከዚያም የሶርያው ጦርነት ሌላ ሌላ ሕዝብ አመጡ። ከካርቱም ነዋሪዎች አያቱ እዚሁ የተወለደችለት ስንቱ ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ብዙ አይሆንም።

ዋጋው ለምን ወጣ?

የሰው መብዛት ብቻውን የቤትን ዋጋ እንዲህ አያደርገውም። ሌሎች ምክንያቶችም አሉ።

አንደኛው ምክንያት በካርቱም መሬትና ቤት እንደ ባንክ ማገልገላቸው ነው። የፓውንዱ ዋጋ በየጊዜው በሚወድቅበት አገር ገንዘቡን በወረቀት የሚያስቀምጥ ሰው ይከስራል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሳዑዲና በሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ሱዳናውያን የላባቸውን ዋጋ ወደ ቦታና ወደ ጡብ የለወጡት ለዚህ ነው። በየሰፈሩ መሬቱ ተይዞ፣ አንድ ፎቅ ተሠርቶ፣ ከላይ ብረቱ እንደ ቆመ ለዓመታት የሚቀመጠው ሕንፃ የባለቤቱ ቁጠባ ነው። ስለዚህ ባዶ ቤትና ቤት ያጣ ሰው በአንድ መንገድ ላይ ይገኛሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ነዳጅ ነው። ሱዳን በ1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ከጀመረች በኋላ በካርቱም ግንባታ ተስፋፋ፤ የቦታ ዋጋም ወጣ። በ2005 የሰላሙ ስምምነት ሲፈረም የተባበሩት መንግሥታትና የእርዳታ ድርጅቶች በብዛት ገቡ። በአማራት፣ በሪያድና በመንሺያ ቤት በዶላር ማከራየት የተለመደ ሆነ። በእነዚያ ሰፈሮች መኖር ያልቻለ የሱዳን የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ሰሃፋና ወደ ጀብራ ገፋ፤ የሰሃፋው ደግሞ ወደ ከላክላ። ኪራይ እንዲህ እንደ ማዕበል ከመሐል ወደ ዳር ይሄዳል። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ከነዳጁ ሦስት አራተኛው ያህል አብሮ ሄደ። ገቢው ሲቀንስ የቤት ኪራይ ግን አልቀነሰም፤ ምክንያቱም ፓውንዱ ራሱ ወደቀ።

ሦስተኛው ምክንያት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁላችንም ያለፍንበት ጊዜ ነው። በየካቲት 2013 ዓ.ም. መንግሥት የመንዛሪያውን ዋጋ ሲለቅ በባንክ 55 ፓውንድ የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ቀን 375 ፓውንድ ሆነ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ ድጎማ ተነሣ። በ2021 አጋማሽ ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ በላይ ደረሰ። የቤት ባለቤቱ ሱቅ ሲገባ ዳቦና ዘይት የሚገዛው በዚሁ ዋጋ ስለሆነ በየሦስት ወሩ፣ አንዳንዱም በየወሩ፣ ኪራይ ጨምሩ ማለት ጀመረ። አንዳንዱ ሂሳቡን በዶላር ያስባል፤ አንዳንዱ የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል። ደመወዙ በፓውንድ የሆነ ሰው ይህን መከተል አይችልም።

እኛስ የት ነን?

የእኛ ሰው ወደ ካርቱም የመጣው በአንድ ጊዜ አይደለም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኤርትራ ጦርነት ያፈናቀላቸው መጡ። ከ1966ቱ ዓ.ም. አብዮትና ከቀይ ሽብር በኋላ ተማሪውና የተማረው ወጣት በመተማና በሁመራ በኩል እየተሻገረ መጣ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ገበሬው መጣ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ሥራ ፍለጋ የሚመጣው፣ በተለይም በሰው ቤት የምትሠራውና ቡናና ሻይ እየሸጠች የምትተዳደረው እህት፣ ቁጥሯ ጨመረ። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ድንበር ተሻገሩ። አብዛኞቹ በገዳሪፍ በሚገኙ መጠለያዎች ቢሰፍሩም ወደ ካርቱም የዘለቁም ነበሩ።

አብዛኞቻችን የውጭ ዜጎች ወይም ስደተኞች ስለሆንን መንግሥት ለሱዳናዊው በዕጣ የሚሰጠው የመኖሪያ ቦታ አይደርሰንም። ስለዚህ ተከራዮች ነን፤ ሃያ ዓመት የኖረውም፣ ትናንት የመጣውም። አገር ቤት እንኳ ይህን ያህል በተከራይነት ላይ ብቻ የቆመ ኑሮ አልነበረንም። በአዲስ አበባ የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን ሲወርስ የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር መጣ፤ ቤቱ ቢያረጅም ኪራዩ ትንሽ ስለነበር ደሃ ቤተሰብ በመሐል ከተማ ልጅ አሳደገበት። በኋላም ኮንዶሚኒየም መጣ። የልደታና የአራት ኪሎ ሰው ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ የካ አባዶና ወደ ሌሎች ዳርቻዎች ሲሄድ ከዕድርና ከጎረቤት ተለይቶ ብዙ ተቸግሯል። ያም ሆኖ ለብዙዎቹ ምትክ ቤት ነበራቸው። እዚህ ቤት ልቀቁ የተባለ ቤተሰብ ምትክ የሚሰጠው የለም፤ ፍራሹንና ማሰሮውን በሪክሻ ጭኖ አዲስ ክፍል ይፈልጋል።

ለዓመታት ሰፈራችን ዴም ነበር። ዴም ለሥራ ቅርብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄደውም፣ መስጊድ ለሚሄደውም ይመቻል፤ የታመመ ቢኖር የሚደርስ ጎረቤት አለ። በኋላ ግን ዴም ከመሐል ከተማ አጠገብ መሆኑ ጠላቱ ሆነበት። አሮጌው የጭቃ ቤት ፈርሶ ፎቅ ይሠራ ነበር፤ ፎቁ ሲያልቅ የቀድሞዎቹ ተከራዮች አይመለሱም ነበር። ቤተሰቦች መጀመሪያ ወደ ጅሬፍ ሄዱ። ከዚያ ጅሬፍም ተወዶባቸው ድልድይ ተሻግረው ወደ ሃጅ ዩሱፍ፣ ወይም ወደ ደቡብ ወደ ማዮና ወደ ከላክላ የሄዱ ብዙ ናቸው።

«ኪራዩን ያስወደዱት ሐበሾች ናቸው»

ይህን አባባል በሪክሻ ላይ፣ በሱቅ ደጃፍ፣ አንዳንዴም ልጆቻችን በሰፈር ሲጫወቱ ይሰሙታል። ሰምተው ቤት ሲመጡ እውነት ነወይ ብለው ይጠይቁናል። መልስ ልንሰጣቸው ይገባል፤ መልሱም ስድብን በስድብ መመለስ አይደለም።

ነገሩ ከፊሉ እውነት አለው። በዴም አንድ የሱዳን ቤተሰብ አራት ክፍል ያለውን ግቢ በሙሉ ይከራይ ነበር። እኛ ግን የምንከራየው በክፍል ነው። አራት ክፍል ማለት አራት ቤተሰብ ነው፤ በአንዱ ክፍል ውስጥም አራትና አምስት ወጣቶች ተካፍለው ይኖራሉ። እያንዳንዱ የሚከፍለው ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን አንድ መምህር ወይም አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለግቢው ከሚከፍለው ይበልጣል። ባለቤቱ ይህን ካየ በኋላ ለአንድ ቤተሰብ ማከራየት ኪሳራ ይመስለዋል። ሱዳናዊው ጎረቤታችን ሲማረር ከዓይኑ የራቀ ነገር አላወራም።

ቀሪው ግን ስሕተት ነው። ሪያድና መንሺያን ያስወደደው በዴም በክፍል የሚኖር ሐበሻ አይደለም። ፓውንዱን የጣለው፣ ነዳጁን ያስወደደው፣ ባዶ ፎቅ ለቁጠባ እንዲቆም ያደረገው እሱ አይደለም። ደግሞም በክፍል መከራየት ምርጫው ሆኖ አይደለም፤ ሙሉ ግቢ የሚከራይበት አቅም ስለሌለው ነው። ከዚያ ከተጨናነቀ ግቢ የሚገኘውን ትርፍ የሚያገኘው ባለቤቱ ወይም በመሐል የገባው ደላላ እንጂ ተከራዩ አይደለም። ነገ ደግሞ ያው ተከራይ ከጎረቤቱ ቀድሞ ከሰፈሩ ይወጣል።

ይህ ወቀሳ በእኛ ላይ ብቻ የመጣ አይደለም። ከሶርያ የመጡት በካርቱም ምግብ ቤት ሲከፍቱና ቤት ሲከራዩ ተመሳሳይ ነገር ተብሎባቸዋል። እኛም በአዲስ አበባ ቦሌና ገርጂ ኪራይ ሲጨምር በዶላር የሚከፍለውን ዲያስፖራ ስንወቅስ ኖረናል። በየትም አገር ቢሆን ቤት ሲወደድ የመጀመሪያው ተጠያቂ አዲስ የመጣው ሰው ነው፤ የሚታየው እሱ ነውና። የገንዘብ መውደቅና የመሬት ይዞታ ግን በዓይን አይታይም። ልጆቻችን ይህን ልዩነት ቢያውቁ በሰፈራቸው አንገታቸውን ሳይደፉ፣ ጎረቤታቸውንም ሳይጠሉ ይኖራሉ። በማኅበራዊ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ከተሞች ዕድገት ሲማሩ ምሳሌው ከሩቅ አገር መምጣት የለበትም፤ ከደጃቸው አለ።

ልጁ የሚከፍለው ኪራይ

ወላጅ ኪራይን በገንዘብ ይከፍላል፤ ልጅ ደግሞ በጊዜ፣ በእንቅልፍና በትምህርት ይከፍላል።

ከሃጅ ዩሱፍ የሚመጣ ተማሪ ጥቁር ዓባይን መሻገር አለበት። በሰላሙ ቀን ሁለት ጊዜ ሀፍላ ይቀይራል፤ የነዳጁ ድጎማ ከተነሣ ወዲህ የሀፍላው ዋጋ ራሱ ሁለተኛ ኪራይ ሆኗል። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. በኋላ ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ደግሞ ድልድዮች በኮንቴይነር ይዘጉ ነበር። በዚያ ቀን የዴም ልጅ ክፍል ውስጥ ነበር፤ የባህሪ፣ የኦምዱርማንና የሃጅ ዩሱፍ ልጅ ግን ቤቱ ነበር። መምህሩ ያን ቀን አዲስ ትምህርት ካስተማረ ከተማዋ በሁለት የተከፈለችው በድልድዩ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በክፍሉም ውስጥ ነበር።

ቤት የቀረውም ቢሆን ጠረጴዛ የለውም። አንዲት ክፍል ማታ መኝታ፣ ቀን ማብሰያ፣ እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ናት። መብራት ሲጠፋና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቤተሰቡ አልጋውን ወደ ግቢው ያወጣል፤ ግቢው ደግሞ የአራት ቤተሰብ ነው። የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣውን ልጅ ከመቅጣታችን በፊት የት ሊሠራው ይችል እንደነበር ብንጠይቅ መልሱ ብዙ ያስረዳናል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ዓመቱ ሳይጋመስ ቤት መልቀቅ ነው። በጥር ወር ወደ ከላክላ የተዛወረ ቤተሰብ ልጁን በአቅራቢያው ወደሚገኝ የሱዳን ትምህርት ቤት ሊያስገባው ይችላል። ትምህርቱ በዓረብኛ ነው፤ መጻሕፍቱም፣ የዓመቱ አቆጣጠርም ይለያሉ። በአማርኛ ሲማር የቆየ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከታች ይጀምራል። ብዙ ጊዜም ቤተሰቡ «ለዚህ ዓመት ይቅር» ይላል። የቀረችው ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ እናትየው ለሥራ ስትወጣ ታናናሾቿን ትጠብቃለች፤ ዓመቱ ሁለት ይሆናል፤ ከዚያ እሷም በሰው ቤት ሥራ ትገባለች። እንዲህ ያለው ነገር የሚጀምረው ወላጆቿ ትምህርትን ስለናቁ አይደለም። የሚጀምረው ባለቤቱ ኪራይ ሲጨምር ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የፓውንዱን ዋጋ እኛ አንወስንም፤ የካርቱምን መሬትም አናስተዳድርም። በእጃችን ያሉ ነገሮች ግን አሉ፤ ገንዘብ የማይጠይቁትን እናስቀድማለን።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹ የት እንደሚኖሩ ይወቅ። በምዝገባ ጊዜ ሰፈሩንና ቤተሰቡ በዚያ ቤት እስከ መቼ ሊቆይ እንደሚችል የሚጠይቅ አንድ መስመር ቅጹ ላይ ይጨመር። መረጃው በአንድ ካርታ ላይ ቢሰፍር በየሰፈሩ ስንት ተማሪ እንዳለ ይታወቃል። ከሃጅ ዩሱፍ የሚመጡ ወላጆች ተባብረው አንድ አምጃድ በወር ቢኮናተሩ በየግላቸው ከሚከፍሉት ሊቀንስላቸው ይችላል፤ ችግሩ እርስ በርስ አለመተዋወቃቸው ነው። ካርታው ግን በጥንቃቄ ይያዝ። ብዙ ቤተሰብ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ስለሚያሳስበው አድራሻው ከትምህርት ቤቱ ቢሮ እንዳይወጣ በግልጽ ቃል ሊገባለት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ውል በጽሑፍ ይሁን። አብዛኞቻችን ቤት የምንከራየው በቃል ነው፤ በቃል የገባ ሰው በቃል ይወጣል። ሱዳን ከ1991 ጀምሮ የሚሠራ የሕንፃ ኪራይ ሕግ አላት፤ ክርክር ሲነሣም ፍርድ ቤት የሚያየው ወረቀት ነው። ዓረብኛ ጠንቅቀው የሚያነቡ መምህራንና ትልልቅ ተማሪዎች አሉን። በወር አንድ ዓርብ ጠዋት ውል ለማንበብና ለማስረዳት ቢቀመጡ ብዙ እናቶች የማያውቁትን ወረቀት ከመፈረም ይድናሉ። ውሉ ሲፈረምም የሚያልቅበት ቀን ትምህርት ከሚዘጋበት ጊዜ ጋር እንዲገጥም መጠየቅ ይቻላል። ባለቤቱ ላይስማማ ይችላል፤ ከተስማማ ግን ልጁ ዓመቱን ይጨርሳል።

ሦስተኛ፣ እቁብና ዕድር እናውቃለን። ዕድራችን ለቀብርና ለሐዘን ይደርሳል፤ እቁባችን ለሱቅና ለጉዞ ይሆናል። በትምህርት ዓመት መካከል ቤት ልቀቁ ለተባለ፣ ልጅ ላለው ቤተሰብ የሁለት ወር ኪራይ የሚያበድር፣ በትንሽ መዋጮ የሚሠራ የወላጆች እቁብ ቢቋቋም ባህላችን የማያውቀው ነገር አይሆንም። ብድሩ የሚመለስ ይሁን፤ ዓላማውም አንድ ብቻ ይሁን፦ ልጁ ክፍሉን ሳይለቅ ዓመቱን እንዲጨርስ።

አራተኛ፣ ከእኛው መካከል ስላሉት አከራዮች በግልጽ እንነጋገር። ግቢውን ከሱዳናዊው በአንድ ዋጋ ተከራይቶ ክፍል በክፍል እጥፍ አድርጎ የሚያከራይ የአገር ልጅ አለ። አዲስ የመጣች እህት ዓረብኛ ስለማታውቅ «እኔ ልደራደርልሽ» ይላታል፤ ከባለቤቱ ጋር ያለውን ዋጋ አትሰማም። ትንሽ ትርፍ መያዝ ለደከመ ሰው ነውር አይደለም። ዋጋን መደበቅና ከባለቤቱ ሳይፈቀድ ማከራየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ያወቀ ቀን ሜዳ ላይ የሚቀሩት ሕፃናቱ ናቸው። በየማኅበራችን፣ በየቤተ እምነታችን ይህ መነገር አለበት።

አምስተኛ፣ ክፍሎቻችን ከሰዓት በኋላ ይከፈቱ። ትምህርት ካለቀ በኋላ ሁለት ክፍል ለሁለት ሰዓት ክፍት ቢሆን፣ ጠረጴዛ የሌለው ልጅ ጠረጴዛ ያገኛል። ጥበቃውን ወላጆች በተራ ሊይዙት ይችላሉ። ድልድይ በሚዘጋበት ቀን ደግሞ አዲስ ትምህርት ባይሰጥና ክለሳ ቢደረግ ከወንዝ ማዶ ያለው ልጅ አይጎዳም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«የትምህርት ቤት ሥራ ማስተማር ነው፤ የቤት ጉዳይ የወላጅ ነው» የሚሉ አሉ። አባባሉ ተገቢ ስጋት አለበት። የመምህራን ደመወዝ ራሱ ከኪራያቸው ጋር እየታገለ ነው፤ ከወር ወር ቤት የሚፈልጉ መምህራን አሉ። በእነሱ ላይ ተጨማሪ ሸክም መጫን ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ ከላይ ካቀረብናቸው አብዛኛውን የወላጆች ኮሚቴ ይሥራው እንላለን። ነገር ግን ልጁ ከክፍል ሲወጣ የምናስተምረው ሰው የለም። ከመቶ ያማረ የትምህርት ዕቅድ አንድ በመዝገብ ላይ የቀረ ስም ይበልጣል።

ሌሎች ደግሞ «ካርቱም መሸጋገሪያችን ናት፤ ነገ ለምንለቀው አገር ምን አደከመን» ይላሉ። ይህን የሚሉትን እናውቃቸዋለን፤ አንዳንዶቹ እንደዚህ ሲሉ ሃያ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጆቻቸው እዚህ ተወልደው እዚህ አድገዋል። ለወላጅ መሸጋገሪያ የሆነ ዓመት ለልጅ የልጅነቱ ዓመት ነው፤ የአራተኛ ክፍል ትምህርት ካናዳ ወይም አዲስ አበባ እስኪደረስ አይጠብቅም።

ለተማሪዎች አንድ ቃል እንጨምር። ቤት መልቀቅ አያሳፍርም። ወላጆቻችሁ ርካሽ ክፍል ፍለጋ ሲዞሩ እናንተን ለማስተማር ነው። የክፍል ጓደኛችሁ ከአንድ ሳምንት በላይ ከጠፋ ዝም አትበሉ፤ ለክፍል መምህራችሁ ንገሩ፤ ደብተራችሁንም አውሱት። ብዙ ጊዜ ማን እንደ ተዛወረ፣ ወዴትስ እንደ ሄደ ከሁላችን ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ለወላጆች የምንለው ቤት ልቀቁ የተባላችሁ ዕለት ለትምህርት ቤቱ አሳውቁ ነው፤ ከሄዳችሁ በኋላ ሳይሆን ከመሄዳችሁ በፊት። ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ደግሞ አንድ ቀላል ጥያቄ አለን።  ቅጹ ሲታተም «የት ትኖራላችሁ? በዚህ ቤት እስከ መቼ ትቆያላችሁ?» የምትለው መስመር ትግባበት።